ዳገት ላይ ውሃ የሚያፈላ ቪትዝ፦ ቴስታታው ይነሳ ከመባሉ በፊት ምን ይታይ?

ነጯ_ቪትዝ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። መኪናዬ የቶዮታ ቪትዝ ናት፣ በፈረንጅ የ2006 ሞዴል፣ አውቶማቲክ። የምኖረው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም የለባትም። ችግሩ ወደ አሰላ ስወጣ ነው። መልካሳን አልፌ ደራ እስክደርስ ሰላም ነው። ከደራ በኋላ ዳገቱ ሲጀምር፣ ገና ኢተያ ሳልደርስ፣ ከኮፈኖ ስር የመንተክተክ ድምፅ ይመጣል። ቆሜ ስከፍተው የትርፍ ውሃ መያዣው እየፈላ በአናቱ ይፈሳል። ባለፈው ጭራሽ ቀዩ መብራት በራ።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አየና "ጓርኒሲዮን አቃጥላለች፣ ቴስታታው ይነሳ" አለኝ። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሱ ስር ያለውን ማሸጊያ። የጠራው ሂሳብ ቀላል አይደለም። ሌላው ደግሞ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" ይለኛል፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን በር ማለቱ ነው። እናቴ አሰላ ናት፣ ልጆች ይዤ ነው የምመላለሰው፣ መንገድ ላይ መቆም አልፈልግም። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሶደሬ_ልጅ

ወንድም፣ ቴርሞስታቷን አውጣት። እኔ ታክሲ ስሠራ ጀምሮ አውጥቼ ነው የምነዳው። አዳማ እኮ ሙቀት ነው፣ ሞተር የሚያሞቅ ነገር እዚህ ምን ያደርጋል? ውሃው እንደ ልቡ ይዙር።

ጋሽ_ካቻቢቴ

የኔ ልጅ፣ ገና ምንም አታስፈታ። ሞተር አስነስቶ ብቻ በዓይን ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል የሚል ሰው ቢያንስ ምን አይቶ እንዳለ ይንገርህ። እስከዚያው እነዚህን እይልኝ።

አንደኛ፣ ቆማ ነው የምታፈላው ወይስ ስትሄድ? ይሄ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። መንገድ ተዘጋግቶ ቆመህ ሞቃ፣ ስትንቀሳቀስ የምትበርድ ከሆነ ፋኑን ጠርጥር። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፣ ፋን የሚያስፈልገው ስትቆም ነው። በተቃራኒው ቆማ ደህና ሆና ዳገት ላይ ወይም ፍጥነት ሲጨምር የምትሞቅ ከሆነ፣ ወይ ውሃው ጎድሏል፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ ውሃው በደንብ እየዞረ አይደለም። አንተ እንደነገርከኝ ከሁለተኛው ወገን ነህ።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኖውን ክፈትና ከራዲያተሩ አናት ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ እየው። ክብ ነው ወይስ ተጨፍልቋል?

ሦስተኛ፣ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ እይ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል? የጭስ ማውጫውስ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ይወጣዋል?

አራተኛ፣ ውሃ የምትጨምረው የት ነው? መያዣው ላይ ነው ወይስ ራዲያተሩ አፍ ላይ? የሚገባው ውሃ ነው ወይስ ኩላንት፣ ማለትም ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠው ባለቀለም ፈሳሽ?

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ አትበል። ፊታቸውንና እጃቸውን ያጡ ልጆች በዓይኔ አይቻለሁ።

እናት_ሾፌር

ጋሼ ያሉት የፋን ነገር እኔም ላይ ደርሷል። የኔዋ የምትሞቀው ቆማ ነበር፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ለመውሰድ በር ላይ ስጠብቅ። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ግን ትሞቃለች። ሁሉም "ፋኑ ደህና ነው" እያለ መለሰኝ። በኋላ አንድ ኤሌክትሪሺያን ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ያዝ አደረገ። ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ መሳብና መለጠፍ ሲገባው ወደ ውጭ ተገፋ! ለካ ቀደም ሲል የፋኑን ሞተር የቀየሩበት ቦታ ሁለቱን ሽቦ አገላብጠው ሰክተውት ኖሯል። ፋኑ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ሽቦውን አዙሮ ሲሰካው አለቀ።

ስለዚህ ፋን መዞሩ ብቻ አይበቃም፣ አየር ወዴት እንደሚስብ ይታይ። ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ደግሞ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፋኑ መብራት የሚለቅለትን ማብሪያ) አስቀድሞ ማየት ነው። ኤሲውን ስታበራው ፋኑ ከተነሳ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፣ ችግሩ ከሚያዘው ወገን ነው።

ነጯ_ቪትዝ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን ሁሉ አይቻለሁ።

የምታፈላው ስትሄድ ነው፣ ዳገት ላይ። ቱቦው ጠዋት ስከፍተው ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። ስጫነው ጎማው ለስላሳ ነው፣ አልተሰነጠቀም። ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ክዳኑም ላይ ምንም የለም። ጭስ አላየሁም። ውሃ የምጨምረው መያዣው ላይ ነው፣ የቧንቧ ውሃ። የሚገርመው መያዣው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ጠዋት በበረደበት የራዲያተሩን ክዳን ስከፍተው ግን ውስጡ ጎድሎ አገኘሁት። ውሃው ቡናማ ነው።

የቪትዝ ዳሽቦርድ የሙቀት ቀስት ስለሌለው፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ስለሆነ፣ ከጓደኛዬ በስልክ የሚነበበውን ትንሿን ስካነር ተውሼ ወደ ኢተያ ወጣሁ። ሜዳው ላይ የሞተሩ ውሃ ሙቀት 88 ዲግሪ ነበር። ዳገቱ ላይ 96 ደረሰ። መንተክተክ የጀመረው እዚያው 96 ላይ ነው። ቀዩ መብራት ግን አልበራም።

ጋሽ_ካቻቢቴ

እሰይ! አሁን መኪናዋ ራሷ ተናገረች። ረጋ ብለህ አንብበኝ።

96 ዲግሪ ለዚህ ሞተር የሚያስደነግጥ ሙቀት አይደለም። ፋኑ ራሱ ሥራ የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን ፈላ?

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ታልፋለች። እዚህ የጣድከው ውሃ 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ናት፣ እዚያ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተርህ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ውሃው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ውሃው ክፍት ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ነገር ሳይበላሽ ኢተያ ላይ መፍላቱ አይቀርም ነበር።

እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው። ክዳኑን ስትገለብጠው ሞላ ያለው ጎማ ታያለህ። ያ ሞላ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚይዘው ግፊት ነው። ደህና ክዳን ያለው ራዲያተር አዳማ ላይ ከ115 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ሞላው ሲደክም ወይም ጎማው ሲደርቅ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው በተለመደው ሙቀት ይፈላና ወደ መያዣው ይሄዳል።

የቱቦው መጨፍለቅ ደግሞ ሁለተኛው ምስክር ነው። ከዚያ ትልቅ ጎማ መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አለች፣ በጥፍርህ ሳብ ስታደርጋት ተከፍታ መመለስ አለባት። ሥራዋ ሞተሩ ሲበርድ ከመያዣው ውሃ መልሳ ማስገባት ነው። ከተጣበቀች ውሃው ወጥቶ ይቀራል። መያዣው ሙሉ፣ ራዲያተሩ ጎደሎ፣ ቱቦው የተጨፈለቀ የሚሆነው ለዚህ ነው። በየጉዞው እየጎደለ ሄዶ ነው አንድ ቀን ቀዩ መብራት የበራው።

ጓርኒሲዮን የለበትም ብዬ አልምልልህም። ግን ለማወቅ ቴስታታ ማንሳት አያስፈልግም። ጠዋት በበረደ ሞተር ክዳኑን ክፈት፣ ውሃውን ሙላ፣ ሞተሩን አስነሳና አፉን እያየህ ቆይ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አየር ነው፣ ያልቃል። ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ ግን የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በኬሚካል የሚፈትሹም አሉ። ሰማያዊው ፈሳሽ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር ሲያገኝ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ አልፏል። አንተ ግን መጀመሪያ ክዳኑን ቀይር። ከመለዋወጫው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ቁጥሩ ከነባሩ ጋር አንድ ይሁን፣ ከፍ ያለ ይሻላል ብለህ እንዳትገዛ፣ አሮጌ ቱቦና ራዲያተር አይችለውም።

የሶደሬ_ልጅ

ጋሼ፣ በክብር ነው የምጠይቀው። እኔ ያለ ቴርሞስታት ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ ሞተሬ ምንም አልሆነም። ለአዳማ ሙቀት ቴርሞስታት ያስፈልጋል የሚባለው እውነት ነው?

ማርሽ_አምስት

ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት እኔ ልግባ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ፣ በየዓመቱ ይሄ ጥያቄ ይመጣል።

የውጭው አየር 35 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ሞተሩ የሚፈልገው ከ80 በላይ ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። ቪትዝ ላይ ሰማያዊው መብራት ለመጥፋት ሲዘገይ ታየዋለህ። ኮምፒውተሩ "ገና ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት አይተንም፣ ዘይቱ ይበላሻል። ሞተርህ "ምንም አልሆነም" ስትል የበላኸውን ቤንዚን አልቆጠርከውም ወንድሜ።

ሌላም አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፣ ሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚያዞረውን አጭር መንገድ ደግሞ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አጭሩ መንገድ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል። ለማብረድ ብለህ ዳገት ላይ ታሞቀዋለህ።

ከመጣል መፈተሽ ነው። አውጥተህ ቁጥሩን አንብብ፣ ብዙ ጊዜ 82 ይላል። በክር አስረህ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለውና ጣደው። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ መከፈት ይጀምራል። አዳማ ውሃ 94 ላይ ይፈላል ብለዋል ጋሼ፣ ውሃው ፈልቶ እየተንተከተከ በሩ ዝግ ከሆነ ሞቷል ማለት ነው። አዲስ ቀይረው። ስትመልሰው ትንሿ የአየር ማውጫ ወደ ላይ ትሁን።

የሶደሬ_ልጅ

የሁለቱ በር ነገር አዲስ ነው ለኔ። በድስት እፈትሸዋለሁ። ተባረክ መምህር።

ነጯ_ቪትዝ

የመጣሁት በዜና ነው። ክዳኑን ቀየርኩ። አሮጌውን ለመለዋወጫው ሰውዬ ሳሳየው መሐሏን ትንሿን በጥፍሩ ሊስባት ሞከረ፣ ንቅንቅ አላለችም፣ ዝገት ይዟታል። ጎማው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል።

ጠዋት ሙሉ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን ክፍት አድርጌ የአረፋውን ሙከራም ሠራሁ። ትንሽ አረፋ ወጣና ጸጥ አለ። ከዚያ ወደ አሰላ ወጣሁ። መንተክተክ የለም! መያዣው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ብሎ ነበር፣ ስትበርድ ተመልሶ ወረደ። ቱቦውም ክብ ነው።

ግን ስካነሩ ከኢተያ በላይ 102 አሳየኝ። ባይፈላም ደስ አላለኝም። በዚህ ይነዳል?

ራዲያተር_ሠሪ

አይነዳም፣ ክዳኑ አዳነህ እንጂ አልጨረሰልህም። ቡናማ ውሃ ብለሃል። ያ ዝገት ነው፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት የከረመ ራዲያተር መሐሉ ይደፈናል።

ሞተሩ ሞቆ አጥፍተህ፣ ቁልፉን አውጥተህ፣ ራዲያተሩን ከፊት ለፊት በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ከዳር እስከ ዳር አንብበው። ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ በቀስ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ ካገኘህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ውሃ አያሳልፉም።

ከውስጡ በፊት ግን ውጩን እይ። ከፊት ያለው የኤሲ ኮንደንሰርና ራዲያተሩ መሐል ክፍተት አለ። እኔ ጋ የሚመጡት መኪኖች እዚያ ውስጥ አቧራ፣ የጤፍ ገለባ፣ ቢራቢሮ፣ አንዳንዴም ላስቲክ ከረጢት ይዘው ነው። ከፊት ስታየው ንጹሕ ይመስላል። ስታጥበው ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት አድርገህ፣ በቀላል ግፊት። የመኪና እጥበት ቤቱ ትልቁ ፓምፕ ቀጭኖቹን ክንፎች አጥፎ ጭራሽ ይዘጋቸዋል።

የውስጡን በራዲያተር ማጠቢያ ፈሳሽ እጠበው። አሲድ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፣ ለድሮዎቹ የመዳብ ራዲያተሮች እንኳ ጠንካራ ነው፣ የአንተው አሉሚኒየም ነው፣ ይበላዋል። አናቱና እግሩ ፕላስቲክ ስለሆነ በሳልዳ አይጠገንም። ከተበሳ መቀየር ነው።

እናት_ሾፌር

ኩላንቱስ? ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ አለ። የቱን ይግዛ?

ራዲያተር_ሠሪ

እህቴ፣ በቀለም አይታመንም፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ለቶዮታ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሮዝ ነው። ዋናው ሁለት ዓይነት አለመቀላቀል ነው፣ ሲቀላቀሉ ዝቃጭ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ጥሬው ኩላንት ከሆነ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ ይበረዛል፣ ባትሪ ውስጥ የምንጨምረው ውሃ ማለት ነው። ተበርዞ የተዘጋጀ ከሆነ እንዳለ ይገባል። ሰው ኩላንት ለብርድ አገር ይመስለዋል። መፍያውን ከውሃ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገት ይከለክላል፣ የውሃ ፓምፑንም ያለሰልሳል።

ስትሞሉት መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጋችሁ አቁሟት። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ይነሳ፣ አየሩ እየወጣ ውሃው ዝቅ ሲል ጨምሩ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የታችኛው ቱቦ ሲሞቅ ክደኑት።

ጋሽ_ካቻቢቴ

ተባረክ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳኸው። እኔ የምጨምረው መንገድ ላይ ሳለ ስለሚደረገው ነው፣ ቴስታታ የሚጣመመው እዚያ ነውና።

ቀዩ መብራት ከበራ ኤሲ አጥፉ። ሂተሩን ሙሉ ሙቅ አድርጋችሁ ማራገቢያውን ክፈቱት፣ መስኮቱን አውርዱ። ሙቀቱ ወደ እናንተ ይመጣል ግን ከሞተሩ ይወጣል። ዳር ያዙ። እንፋሎት ካለ ወዲያው አጥፉት። "ኢተያ ልግባና እዚያ አየዋለሁ" አይባልም። የቴስታታው ፊት ጠፍጣፋነት በቶዮታ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው ልዩነት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከወረቀት የቀጠነ። ይህንን ለማጣመም ብዙ ኪሎ ሜትር አያስፈልግም።

ካጠፋችሁ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንኩት። የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ሰው አሁንም አያለሁ። ብረቱ ይሰነጠቃል።

ጓርኒሲዮኑ በእውነት ተቃጥሎ ቴስታታው የሚነሳ ከሆነም፣ ሳይለካ አይመለስ። ቀጥ ያለ ማስመሪያና ቅጠል መለኪያ (ክፍተት የሚለኩባቸው ቀጫጭን ብረቶች) ያላቸው ይለኩት፣ ከተጣመመ ሬክቲፋይ ይደረግ፣ ማለትም ፊቱ ተልጎ ይስተካከል። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በተራ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች ይጠበቁ። በግምት የሚያጠብቅ ሰው ከሆነ ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ነጯ_ቪትዝ

ታጠበች። ከሁለቱ መሐል የወጣውን አቧራና ገለባ ብታዩት! ከውስጥ ደግሞ ውሃው ቀይ ሆኖ ነው የወጣው፣ እስኪጠራ ድረስ አስደጋገምኩት። አሁን ኩላንት ይዛ እዚያው ዳገት ላይ 94 ናት፣ ከዚያ አላለፈችም። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። እናቴ ጋ ስመላለስ በስካነሩ እየተከታተልኩ እነግራችኋለሁ።

ጭላሎ_ስር

ጋሼ፣ እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ። የኔ ችግር ሲወረድ ነው። ወደ ደራ ስወርድ ፍሬኑ መጀመሪያ ጥሩ ነው፣ በኋላ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ይሰምጣል። ቆሜ ካረፍኩ ይመለሳል። ሸራው አዲስ ነው፣ በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት። ምን ይመስልዎታል?

ጋሽ_ካቻቢቴ

የኔ ልጅ፣ ይሄ ከውሃው ይብሳል፣ እስኪሠራ ድረስ ያን ቁልቁለት አትውረጂ። አሁን የነገርሽኝ የፍሬን ዘይት መፍላት ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ይዘሽ ስትወርጂ ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ሲበርድ ስለሚመለስ ሰው ይዘናጋል።

ሸራ ሲቀየር ዘይቱ አብሮ አይቀየርም፣ አንቺ ጋም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። መያዣውን ክፈቺና እዪው፣ ከጠቆረ ዕድሜው አልፏል። ባይጠቁርም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የመያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ግዢ፣ ዶት 3 ለሚል ዶት 4 ቢገባ ችግር የለውም፣ ሙቀትም ይበልጥ ይችላል። ከታሸገ ጠርሙስ ይሁን፣ ተከፍቶ የቆየ አትቀበዪ።

አወራረዱም አለ። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን 2 ላይ አውርጂው፣ ሞተሩ ይያዛት። ማኑዋል ከሆነች በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ከዚያ ልቀቂ፣ ይተንፍስ። ሳትለቂ እየያዝሽ መውረድ ነው የሚያግለው።

ጭላሎ_ስር

አውቶማቲክ ናት ጋሼ፣ ሁልጊዜ ዲ ላይ ነበር የምወርደው። ዘይቱም እንዳሉት ቡና ሆኗል። ነገ እዚሁ አስቀይረዋለሁ። ሠሪው በትክክል መቀየሩን በምን አውቃለሁ?

ጋሽ_ካቻቢቴ

ከአራቱም ጎማ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ማስወጣቱን ቆመሽ እዪ። ላይ ያለውን መጥጦ አዲስ መሙላት ብቻ አይበቃም፣ የተቃጠለው ያለው ጎማው ጋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመያዣው ከራቀው የኋላ ጎማ ነው። ሲጨርስ ሞተሩን አጥፊና ፔዳሉን ደጋግመሽ ርገጪ፣ ጠንካራ ሆኖ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። እየለሰለሰ ከወረደ አየር ቀርቷል፣ ከጋራዡ ሳትወጪ ደግሞ ያስወጣው።